ቢላ ያልነካው ሰው

የአልጋው የፊት ግራ ጎማ ይንጫጫል። ተድላ በረጅሙ ኮሪደር እየገፋው ሲሄድ በየሦስት እርምጃው አንዴ ይጮህ ነበር። ግራና ቀኝ ባሉት ቢሮዎች የተቀመጡት ጸሐፊዎች ግን ቀና ብለው አላዩም። ሬሳ ሲያልፍ የሚሰማ ድምፅ ስለሆነ ጆሯቸው ለምዶታል።

“ዘይት ቀባው ብዬህ አልነበር?” አሉ ከኋላ የሚከተሉት ዶክተር ሃሎራን።

“ቀብቼው ነበር። ዘይቱንም ለመደው መሰለኝ።”

ዶክተር ሃሎራን ሳቁ። ስልሳ ዓመት የተጠጋቸው፣ አጭርና ፈጣን ሴት ናቸው። መነጽራቸው በክር ተንጠልጥሎ ደረታቸው ላይ ይወዛወዛል። በካናዳዋ ካልጋሪ ከተማ በድንገት የሞተ፣ በአደጋ የሞተ፣ ማንም ሳያየው የሞተ ሰው ሁሉ በእሳቸውና በባልደረቦቻቸው እጅ ያልፋል። ማን እንደሆነና እንዴት እንደሞተ ሳይጻፍ ወደ አፈር አይመለስም። እንግሊዝኛው አንተንና አንቱን አይለይም፤ ተድላ ግን የሚናገራቸውን ሁሉ በልቡ “እርስዎ” እያለ ነበር የሚናገረው።

እሱን እሳቸው “ቴድ” ይሉታል። ከጎንደር ሕክምና ኮሌጅ ተመርቆ ደሴ ሆስፒታል አምስት ዓመት የሠራ ሐኪም ነው። እዚህ አገር ሁለት ፈተና አልፎ የሚቀበለው ሆስፒታል አጣ፤ ከጥር ወር ጀምሮ የሬሳ ክፍል ረዳት ሆኗል። ያነሣል፣ ያጥባል፣ ይመዝናል፣ ራጅ ያነሣል። መጻፍ ግን የሐኪም ነው። የሚናፍቀውም ቢላውን አልነበረም። “ምንዎትን ነው የሚያምዎት?” ብሎ መጠየቅን ነበር። የሞተ ሰው አይጠየቅም።

ዶክተር ሃሎራን በዚያ ሳምንት ለሆስፒታሎች የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፉለት ቃል ገብተዋል። አርብ ይፈርማሉ። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የ1996 መጋቢት። ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ከሮኪ ተራሮች ወርዶ በረዶውን ሌሊቱን ሲያቀልጠው አድሯል። መሬቱ ሲላላ ደግሞ ስም ሳይገኝላቸው ክረምቱን የከረሙት ይቀበራሉ። አልጋው ላይ የተኛው ሰው የሐሙስ ተረኛ ነበር።

የምርመራው ክፍል በር ተዘጋ። ዶክተር ሃሎራን ስም የሌለውን ሰው ሳያዩ አይሸኙም፤ ሌላው ሐኪም ሁሉ ፋይሉን ዘግቶ ያሳልፈዋል፣ እሳቸው ግን የመጨረሻ ጊዜ አገላብጠው ያያሉ። ትንሿን የካሴት መቅረጫ ተጫኑ።

“ወንድ፣ ጥቁር፣ ከሠላሳ እስከ አርባ ዓመት። ኅዳር ላይ ከወንዝ የወጣ። የሞት ምክንያት፣ መስጠም። የጣት አሻራ፣ ውኃው ወስዶታል። ቴድ፣ ባትሪውን ወደ ጉሮሮው አብራልኝ።”

ተድላ አበራ።

“እንጥል፣ የለም። በቀዶ ሕክምና የተወገደ።” መቅረጫውን አቆሙና ተነፈሱ። “እዚህ ላይ ነው የተሸነፍኩት። ለማንኮራፋት የሚያደርጉት ኦፕሬሽን ነው፤ ሐኪም ሠራው ማለት ፋይል አለው ማለት ነው። ከቫንኩቨር እስከ ሃሊፋክስ ፋክስ ያላደረግኩለት ሆስፒታል የለም። ሦስት ወር! አንድም ሐኪም ‘የኔ ነው’ አላለም።”

ተድላ ባትሪውን አዞረ። ብርሃኑ ከጉሮሮው ወጥቶ ወደ ሰውየው ቅንድብ ሄደ። በሁለቱም ቅንድቦች ጫፍ ሦስት ሦስት ጥቃቅን ጠባሳዎች አሉ፤ ፋይሉ “የድሮ ግጭት” ይላቸዋል። ተድላ ግን ብጣት ያውቃል። ዓይኑን የታመመ ሕፃን ቅንድቡ ጥግ በምላጭ ይበጣል። እንጥሉ የወረደ ሕፃን ደግሞ እንጥሉ ይቆረጣል።

ጥቅምት ትዝ አለው።

በጥቅምት ወር፣ ገና ይህን ሥራ ሳይዝ፣ በፈቃደኝነት ያስተረጉም ነበር። አንድ ቀን ለፖሊስ አስተርጉም ተብሎ ተጠራ። ወንድሟ የጠፋባት ሴት አጠገቡ ተቀምጣለች፤ ጥሩወርቅ ትባላለች፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚያመልኩት። ወንድሟ እንድርያስ ዳውንታውን ፎቅ የሚያጸዳ ነበር። ከሥራ ሲወጣ ባቡሩን ትቶ በወንዙ ዳር በእግሩ መሄድ ይወዳል፤ አንድ ቀን እንደወጣ ቀረ። ፖሊሱ ቅጹን እያነበበ ይጠይቃል፣ ተድላ ይተረጉማል። ቁመት፣ ክብደት፣ ጥርስ። ከዚያ፣ “ኦፕሬሽን አድርጎ ያውቃል?”

“እንድርያስ? ኧረ በጭራሽ!” አለች ጥሩወርቅ። “ቢላ ነክቶት አያውቅም።”

“አላደረገም” ብሎ ተረጎመ ተድላ። ፖሊሱ በማሽኑ ጻፈው። ከዚያ ወዲያ አንዱ ወረቀት ኦፕሬሽን ያደረገ ሬሳ፣ ሌላው ወረቀት ኦፕሬሽን ያላደረገ ጠፊ ይዘው በአንድ ከተማ አራት ወር ሳይገናኙ ኖሩ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ። ፈረንጁ ኦፕሬሽን አለ፣ እሱም ኦፕሬሽን አለ። እንጥል ማስቆረጥን ኦፕሬሽን ብሎ የሚጠራ እናት፣ አባት፣ እኅት በአገሩ የት አለና?

ዝም ቢል ማን ያውቃል? ሰውየው ሐሙስ ይቀበራል፤ ደብዳቤው አርብ ይፈረማል። ጥሩወርቅም ቢሆን ተስፋ አላት፤ አንድ የታክሲ ሾፌር እንድርያስን አሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ አየሁት ብሎ ነግሯታል። ግን በየእሑዱ በተከራዩት አዳራሽ የጸሎት ርእስ ሲጠየቅ ከሦስተኛው ወንበር ትነሣለች። “ወንድሜ ያለበትን ጌታ ያሳየኝ” ትላለች። ጉባኤው አሜን ይላል። ተድላም አምስት ወር ሙሉ አሜን ብሏል።

“ዶክተር” አለ፣ “ይህን ሐኪም አልቆረጠውም።”

ነገራቸው። ሕፃን ሳል ሲይዘው፣ ጡት አልጠባ ሲል፣ እንጥሉ ወርዷል ተብሎ መንደር ውስጥ ዕውቀቱ ላለው ሰው እንደሚወሰድ። ቅንድቡን እያሳየ ብጣቱንም ነገራቸው። ዶክተር ሃሎራን መነጽራቸውን አጥልቀው ጠባሳዎቹን እያንዳንዳቸውን አዩ።

“ስንት እንዲህ ያለ ጉሮሮ አይተሃል?”

“ቆጥሬ አላውቅም። ደሴ እያለሁ አንጽፈውም ነበር። ‘ሕመምተኛው አፍንጫ አለው’ ብሎ እንደመጻፍ ነው።”

“እና እኔ አፍንጫ ያለው ሰው እየፈለግኩ ነው ሦስት ወር ፋክስ የላክሁት!” ሊስቁ ጀመሩና ፊቱን አይተው ተዉት። “ምንድን ነው?”

“ከእኛ ሰዎች የጠፋ አንድ አውቃለሁ። ፖሊሶቹ ጋ ወረቀቱ አለ።”

ወረቀቱ በፋክስ እስኪመጣ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ዶክተር ሃሎራን ገና ትኩስ የሆነውን ወረቀት ይዘው ቆመው አነበቡት። ዓይናቸው ወረደ፣ ወረደ፣ ከታች ቆመ።

“ኦፕሬሽን፣ የለም። አስተርጓሚ፣ ቲ. አድማሱ።” ቀና አሉ። “አድማሱ ያንተ ስም አይደለም?”

“የአባቴ ነው። አስተርጓሚው እኔ ነኝ።”

ዶክተር ሃሎራን ወረቀቱን አጠፉ፣ ዘረጉ፣ እንደገና አጠፉ።

“ደንቡ መርማሪ ይላክ ይላል” አሉ በመጨረሻ። “መርማሪው አብሮህ ይሂድ ብል ሴትዮዋን ማስደንገጥ ነው። አንተ ሂድ፤ በእኔ ኃላፊነት ነው። ቀብሩን አቆያለሁ። ግን እንጥል ብቻውን ስም አይሆንም፣ ሌላም ነገር አምጣልኝ።”

“ወደ ካናዳ የገባ ስደተኛ ሁሉ ደረቱን ራጅ ተነሥቷል” አለ ተድላ። “ብዙዎቻችን ፊልሙን በእጃችን ይዘን ነው የገባነው።”

እሳቸው ከመሳቢያቸው የኅዳሩን ፊልም አወጡና በመብራቱ ሰሌዳ ላይ ሰቀሉት። የቀኙ አራተኛ ጎድን ጫፉ ላይ እንደ ባላ ለሁለት ተከፍሏል። ከመቶ ሰው አንዱ ቢኖረው ነው።

“ይህን ፈልግ። ደግሞ ቴድ” አሉት በሩ ጋ ሲደርስ፣ “አሁን እንደ ሐኪም ጠይቃት።”

እንደሚመጣ ሊነግራት ከጸሐፊዎቹ ክፍል ደወለ። ስልኩ አራት ጊዜ ጠራ። ከዚያ አንድ ወንድ አነሣው።

“ሃሎ! የእነ ጥሩወርቅ ቤት ነው። የለንም፤ ወይም አለን፣ ግን ሰንፈናል። ቢፕ ሲል ተናገሩ። ምግብ ይዛችሁ ከሆነ አትናገሩ፣ ዝም ብላችሁ ግቡ!” ከኋላው ልጅ ትስቃለች። የስልኩ መቅረጫ ነው፤ ድምፁ የእንድርያስ ነበር።

ተድላ በጅራፍ የተመታ ያህል ቀጥ አለ። ከሰዓት በፊት በባትሪ ያበራበት አፍ ነበር የሚያናግረው። ቢፑ ጮኸ። ስልኩን ቀስ ብሎ፣ የተኛ ሰው እንዳይነቃ እንደሚጠነቀቅ ሰው፣ አስቀመጠው።

ከሰባተኛው ጎዳና ባቡር ተሳፈረ፣ መጨረሻው ጣቢያ ወርዶ ወደ ፋልከንሪጅ የሚወስደውን አውቶቡስ ያዘ። የቀለጠው በረዶ በየቤቱ አሸንዳ ይፈስሳል። በሩን የከፈተችው የጥሩወርቅ ልጅ ኑሃሚን ናት፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ገና ከትከሻዋ አላወረደችም።

“ሃይ፣ ጋሼ ተድላ! ማሚ ተኝታለች፣ ላይክ፣ ናይት ሺፍት ነበረች። ኢት ኢዝ ኦኬ፣ ላንቃት።”

ጥሩወርቅ ነጠላዋን እያጣፋች ከደረጃው ወረደች። አምሳን ያለፈች፣ ሰፊ ትከሻ ያላት ሴት ነች።

“ዶክተር! ምነው፣ ማክሰኞን እሑድ አደረግኸው? ወይስ ሚስት አግኝተህ ሽማግሌ ልትልከኝ ነው?”

“ሽማግሌስ እርስዎን አልልክም፣ እትዬ። ልጅቷን ጉድለቴን ሁሉ ነግረው ያስመልጡብኛል።”

“አንተ ደግሞ! ምን ጉድለት አለህ፣ ከመክሳትህ በቀር?” ስቃ ተቀመጠች። ከዚያ እጆቹን አየች። ኮፍያውን ይዞ ያሽከረክረዋል። ሳቋ ቀስ በቀስ ሄደ። “ምንድን ነው፣ ተድላ?”

“ጥቅምት ላይ ፖሊስ ጣቢያ የጠየቅኩዎትን አንድ ነገር እንደገና ልጠይቅዎት መጣሁ።”

“ጠይቀኝ።”

“እንድርያስ እንጥሉ ተቆርጧል?”

“እንጥሉ?” ግራ ተጋብታ ልጇን አየች። “ታዲያ የማን እንጥል ሳይቆረጥ ቀረ? እኔ ነኝ ጭኔ ላይ ይዤ ያስቆረጥኩት። የአራት ወር ልጅ ነበር። ኮምቦልቻ፣ ጋሽ ዓብዱልቃድር የሚባሉ ነበሩ፣ ሰፈሩን ሁሉ የቆረጡ። እማዬ አላይም ብላ ከግቢው ወጣች። እኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነው፣ ጭንቅላቱን እንዲህ አድርጌ ያዝኩት።” በባዶ ጭኗ ላይ ሁለት እጇን አቀፈች። “የፈረስ ጭራ አሸምቀው አስገቡ፣ ብጥስ! ደም እንኳ አልወጣውም። ማታውኑ ጠባ።”

“ፈረስ ጭራ?” አለች ኑሃሚን ፊቷን አጨማድዳ። “ማሚ፣ ዛት ኢዝ ግሮስ።”

“ያንቺም አጎት በዚያ ነው ያደገው!”

“እትዬ ጥሩወርቅ” አለ ተድላ፣ “ፖሊሱ ኦፕሬሽን ያለው ይህንን ጭምር ነበር።”

ከውጭ የአሸንዳው ውኃ ይንጠባጠባል።

“ቢላ ነክቶት አያውቅም አልኩ” አለች ቀስ ብላ።

“እውነት ነው ያሉት። ቢላ አልነካውም። ስህተቱ የእኔ ነው። እርስዎ በሚያውቁት ስም አልጠየቅኩዎትም።”

“አንተ ሐኪም አይደለህ? ለምን እንጥሉ ተቆርጧል ወይ አላልከኝም?”

“አላሰብኩትም።”

“አምስት ወር!” ተነሣች። ወደ መስኮቱ ሄደች፣ ተመለሰች። “አምስት ወር ወደ ሲያትል ስጸልይ! አሜን ስትል አልነበርክም እንዴ?”

“ነበርኩ።”

“ዌይት” አለች ኑሃሚን። ቦርሳዋ ከትከሻዋ ወለሉ ላይ ወረደ። “ጋሼ፣ አንክልን አገኛችሁት?”

“አንድ ሰው አለ። እሱ መሆኑን አላውቅም። ከካርቱም ሲመጣ የተነሣው የደረት ራጅ ካለ ግን ማወቅ ይቻላል።”

ጥሩወርቅ ወደ ላይ ወጣች። ፎቅ ላይ ፍራሽ ሲነሣ ተሰማ። ተመልሳ ስትመጣ ትልቅ ቡናማ ፖስታ ይዛለች፤ እንዳይታጠፍ ስምንት ዓመት ከፍራሽ በታች ተኝቶ ኖሯል። ተድላ እጁን ዘረጋ። ያዘው። እሷ ግን ሌላውን ጫፍ አልለቀቀችም።

“ይህን ከሰጠሁህ አይመለስም።”

“እመልስልዎታለሁ፣ እትዬ።”

“ፊልሙን አላልኩም” አለች።

ጥቂት እንደተያያዙ ቆዩ። ከዚያ ለቀቀችው።

“ቁርጤን ልወቅ” አለች። “መቼ ትነግረኛለህ?”

“ነገ ጠዋት። ከሆነ… ከፓስተሩና ከሁለት ሦስት ሰዎች ጋር በማለዳ እንመጣለን።”

“ሰው ሰብስበህ እንዳትመጣ! በር አልከፍትም። በስልክ ንገረኝ።”

“መርዶ በስልክ እንዴት ይነገራል?” አለ ተድላ። “ነውር ነው፣ እትዬ።”

“ነውሩን ለእኔ ተወው። የመርዶው ባለቤት እኔ ነኝ። ሦስት ሰዓት ላይ ደውል፣ የሐበሻ ሦስት ሰዓት ነው ያልኩህ፤ ደግሞ እሱንም አሳስተህ ተርጉም አሉህ!” ፈገግ ልትል ሞክራ አፏ እምቢ አላት። “ከዚያ በኋላ የፈለገ ይምጣ። ያኔ እከፍታለሁ።”

በማግስቱ ዶክተር ሃሎራን ከሁሉ ቀድመው ገብተው ጠበቁት። ፊልሙን ከፖስታው ሲያወጣው ጥጉ ላይ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስምና ቀን ነበረበት። በመብራቱ ሰሌዳ ላይ ከኅዳሩ ፊልም ጎን ሰቀለው።

አንዱ ደረት ትንፋሽ ስቦ የያዘ ነው። በካርቱም አንድ ባለሙያ “ሳብ፣ ያዝ፣ አትተንፍስ” ብሎታል። ሌላው ደረት ማንም ያዝ አላለውም። አራተኛው ጎድን ግን በሁለቱም ላይ ያው ባላ ነበር፣ ያው ስፋት፣ የታችኛው ጣት ከላይኛው የሚያጥር።

ዶክተር ሃሎራን መቅረጫውን ተጭነው በእሱ በኩል አስቀመጡት። “ያየኸውን ተናገር። እኔ እፈርማለሁ።”

ተድላ ወደ ሰሌዳው ቀረበ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ደሴ ውስጥ ይናገርበት በነበረው ድምፅ ከጎድኑ ጀምሮ ወደ ቅንድቡ፣ ከቅንድቡ ወደ ጉሮሮው ሄደ። መጨረሻ ላይ፣ “እንጥል፣ የለም፤ በአራት ወሩ በባህላዊ መንገድ፣ በፈረስ ጭራ የተቆረጠ። የመረጃው ምንጭ፣ ታላቅ እኅቱ፣ ይዛው የነበረች” አለ።

“ደብዳቤህን እንደገና እጽፈዋለሁ” አሉ ዶክተር ሃሎራን። “ስህተትህንም አስገባበታለሁ፤ ራስህ እንደነገርከኝም ጭምር። የሚያነቡት ሰዎች ይወዱታል ብዬ አልምልልህም።”

“ገባኝ፣ ዶክተር።”

በሟቹ እግር ጣት ላይ የታሰረችውን ካርድ አውልቆ አዲስ ጻፈ። ቁጥሩ በነበረበት ቦታ ስሙን በእንግሊዝኛ ጻፈ። እስክሪብቶውን ሊከድን ሲል ተመለሰና ከሥሩ በአማርኛ ደገመው፤ እንድርያስ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ወደ ስልኩ ሄደ። እጁ የትናንቱን ቁጥር ያውቀዋል። አንድ ጊዜ ጠራ። አጠገቡ ተቀምጣ እንደምትጠብቅ ያውቃል። ሁለት ጊዜ ጠራ። ሦስት። ምነው አታነሣም? ስታነሣው ምን ብሎ እንደሚጀምር ሌሊቱን ሲያጠናው አድሯል፤ አሁን ከአፉ ላይ ሁሉም ጠፋ።

አራት።

“ሃሎ! የእነ ጥሩወርቅ ቤት ነው። የለንም፤ ወይም አለን፣ ግን ሰንፈናል…”

ተድላ ዓይኑን ጨፈነ። ድምፁ በዚያ ቤት ሳሎን ውስጥ ጮክ ብሎ እየተናገረ ነበር፤ አሁን ነው የገባው። ሰው ሰብስበህ እንዳትመጣ ያለችው፣ በስልክ ንገረኝ ያለችው ለዚህ ነው፤ ከመርዶው በፊት የወንድሟን ድምፅ አንዴ ልትሰማው።

“…ምግብ ይዛችሁ ከሆነ አትናገሩ፣ ዝም ብላችሁ ግቡ!”

ልጅቷ ሳቀች። ቢፑ ጮኸ። ከዚያ ስልኩ ተነሣ። ትንፋሽዋ ቀድሞ ተሰማ።

“ጨርሷል” አለች ጥሩወርቅ። “አሁን ንገረኝ።”